ሲሶና ሩብ፦ አንዲት የሐይቅ ልጅ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና የተዘጋጀችባቸው ዘጠኝ ወራት

መነሻ

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወላጆች ቤቴ ድረስ እየመጡ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «መምህር፣ ልጄን ለአዳሪ ፈተና አዘጋጅልኝ።» ለምን እንደበዛ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ተማሪ ጥቂት ነው። ከ2014 ተፈታኞች ከመቶ 3.3፣ ከ2015 3.2፣ ከ2016 ደግሞ 5.4 ብቻ ነበሩ። ወላጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ወደ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። እዚያ ለመግባት ደግሞ ልጁ 8ኛ ክፍልን ሲጨርስ ተፈትኖ መመረጥ አለበት።

ከእነዚህ ልጆች የአንዷን ጉዳይ መመዝገብ የፈለግሁት ከሌሎቹ ይልቅ እኔን ስላስተማረኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ተኩል አባክኜባታለሁ። የልጅቷን፣ የቤተሰቧንና የትምህርት ቤቱን ማንነት ትቻለሁ። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል።

ልጅቷና ቤተሰቧ

በ2016 የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዕድሜዋ 14። ቤታቸው ከሐይቅ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አባቷ ገበሬ ናቸው። የራሳቸው መሬት ስለማይበቃ የሌላ ሰው መሬት በእኩልና በሲሶ እየተዋዋሉ ያርሳሉ። ፊደል አልቆጠሩም። እናቷ ቤቱንም ገበያውንም ይይዛሉ። 5ኛ ክፍል የሚማር ታናሽ ወንድም አላት። ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የምትኖረው አክስቷ ጎረቤቴ ናት። ያገናኘችንም እሷ ናት።

ልጅቷ በክፍሏ ከ64 ተማሪ 1ኛ ነበረች። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ከ3ኛ ወርዳ አታውቅም። አክስቷ ካርዷን ይዛልኝ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አይቼ «ይቺማ ትገባለች» አልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይቺ አረፍተ ነገር ናት።

ካርዱ የማይናገረው ነገር ነበር። የዚህች ልጅ የትምህርት ዘመን ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ አለበት። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 4ኛ ክፍል ነበረች። የዓመቱን ማብቂያ አልተማረችም። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ደግሞ 6ኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቡ ለወራት ከቤቱ ርቆ ቆየ። ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ወንበርም መጽሐፍም አልነበረውም። ክፍልፋይ፣ ሬሾ፣ መቶኛ የሚባሉት ትምህርቶች ያረፉት እነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ነው። በ2015 7ኛ ክፍል ስትገባ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም ጄኔራል ሳይንስ በሚል አንድ መጽሐፍ ገባ። ሒሳብና ሳይንስ ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ። መጽሐፉ ግን ለአራት ልጅ አንድ ነበር።

64ቱም ልጆች እነዚሁ ቀዳዳዎች አሉባቸው። ስለዚህ 1ኛ መውጣቷ ቀዳዳው እንደሌለባት አያሳይም።

የባከነው ሁለት ወር ተኩል

ኅዳር ላይ ጀመርን። ዕቅዱ የተለመደው ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሚኒባስ ይዛ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ደሴ አክስቷ ጋ ታድራለች። ቅዳሜና እሑድ ከሌሎች ስምንት ልጆች ጋር እኔ ቤት ትማራለች። እሑድ ማታ ትመለሳለች። መማሪያው ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ የቆዩ የመግቢያ ፈተናዎች ጥራዝ ነው። ደሴ ውስጥ ለአዳሪ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ሁሉ እጁ ላይ ይሄው ጥራዝ አለ። ከስንተኛው ኮፒ እንደተቀዳ አላውቅም፤ አንዳንዱ ገጽ ሥዕሉ ጠፍቶ ጥቁር ጥላ ብቻ ቀርቷል።

ዕቅዱ ከመጀመሪያው ተንገዳገደ። መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት ነበር፤ ያን ጊዜ ትቀራለች። የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር በቴሌግራም ጥያቄ ልኬ ማካካስ አልቻልኩም። ስትመጣም ሙሉ ጊዜ አልነበራትም። አክስቷ ደግ ሰው ናት፤ አንድም ቀን ሥሪ አላለቻትም። ግን የሰው ቤት ያደረች የወሎ ልጅ ዕቃ ሳታጥብ፣ ቡና ሳታፈላ ደብተር ዘርግታ መቀመጥ አይሆንላትም። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ጋ የምትደርሰው ደክሟት ነው።

ውጤቷ ግን ይወጣ ነበር። ያታለለኝም ይሄ ነው። ከጥራዙ 60 ጥያቄ እሰጣለሁ። በመጀመሪያ 38፣ ከዚያ 45፣ ጥር መጀመሪያ ላይ 52 አመጣች። ለአክስቷ ነገርኳት። አክስቷ ለእናትየው ደወለች። እናትየው ዶሮ ላኩልኝ። ዶሮውን በላሁ።

እውነቱ የወጣው በአጋጣሚ ነው። አንዱ ፈተና ደብዝዞ አልነበብ ስላለ የወንድሜን ልጅ ኮምፒውተር ላይ እንድትጽፈው ጠየቅኋት። ስትጽፍ የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል አዛባችው። ኤ የነበረው ሲ፣ ሲ የነበረው ቢ ሆነ። እኔም ሳላስተውል ሰጠኋቸው። 52 ያመጣችው ልጅ 31 አመጣች። አንድ ጥያቄ ላይ ጣቴን አድርጌ «ይቺን ለምን ሲ አልሻት?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ይቺ ሲ ናት» አለች።

ሲ የነበረችው በጥራዙ ላይ ነው። ልጅቷ አላጭበረበረችም። ጎበዝ ተማሪ እንድትሆን በተነገራት መንገድ ጎበዝ ሆነች፤ የሰጠኋትን ሸመደደች። ከቀሩት ስምንት ልጆች ሰባቱም ወርደዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስህተትን መለየት

ጥራዙን አስቀመጥነው። 31 ያመጣችበትን ወረቀት ይዤ ሐይቅ ሄድኩ። ዘመድ ስላለኝ እዚያው አደርኩ። የሳተቻቸውን 29 ጥያቄዎች አንድ በአንድ አስነብቤያት ለምን እንደሳተች ጠየቅኋት። መልሱን አልነገርኳትም። ሦስት ሰዓት ፈጀብን።

29ኙ በሦስት ቦታ ተከፈሉ። 8ቱን ትምህርቱን ጭራሽ አታውቀውም። 7ቱን ታውቀዋለች፣ ቸኩላ ነው። 14ቱን ግን ጥያቄውን በአማርኛ ስነግራት ወዲያው ሠራችው። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። እኔ ሒሳብ ሳስጠናት የከረምኩት እንግሊዝኛው ለጎደላት ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ሐይቅ መመላለስ ያዝኩ። አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ለስህተት ብቻ ተመደበ። በእያንዳንዱ ስህተት ጎን «አላውቅም»፣ «አልገባኝም» ወይም «ቸኮልኩ» ብላ ትጽፋለች። ምልክቱን የምትሰጠው ራሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም «ቸኮልኩ» ትል ነበር። 1ኛ የምትወጣ ልጅ «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ያማታል። ይሄን ለማለፍ ሦስት ሳምንት ወሰደብን።

የቃላቱ ነገር

ቃላቱን ስንመረምር የገረመኝ የከበዳት ረጃጅሙ ቃል አለመሆኑ ነው። «ፎቶሲንተሲስ»ን ታውቃለች። ያሳታት የምታውቀው ቃል ነው። «ፕሮዳክት» ስትል ምርት ማለቷ ነው፤ በኅብረተሰብ ትምህርት እንደዚያ ተምራዋለች። ሒሳብ ላይ ግን ብዜት ነው። «ፓወር» ሳይንስ ላይ አንድ ነገር፣ ሒሳብ ላይ ሌላ ነገር ነው። «ቮልዩም» የሬዲዮ ድምፅ መስሏታል። «አት ሊስት» (ቢያንስ) የሚለውን ስታይ «ሊስት ትንሽ ነው» ብላ ከምርጫዎቹ ትንሹን ቁጥር ትመርጣለች። «ኖት» (አይደለም) እና «ኤክሴፕት» (በስተቀር) ያለባቸውን ጥያቄዎች ደግሞ እነዚያን ቃላት ዘልላ ታነባለች።

እንዲህ ያሉ ቃላትን ሰበሰብን። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ 140 ገደማ ደረሰ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ያለበትን አንድ ጥያቄ ጻፈች። በየቀኑ የምትሠራው አንድ ነገር ነበር፦ አምስት ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብባ፣ ወረቀቱን ገልብጣ፣ ጥያቄው ምን እንደሚል ለወንድሟ በአማርኛ መንገር። መፍታት የለም፤ መንገር ብቻ። ወንድሟ «እና ስንት ነው የሚለን?» ብሎ ሲጠይቅ መመለስ ካልቻለች ጥያቄው አልገባትም ማለት ነው። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ወጪ ያልጠየቀውም ይበልጥ የረዳውም ይሄ ይመስለኛል።

ሲሶና ሩብ

«አላውቅም» ከሚሉት አብዛኞቹ ክፍልፋይ ነበሩ። የወንድሟን የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ እንድትሠራ ስነግራት አፈረች። «የ8ኛ ክፍል ልጅ ነኝ እኮ» አለች። ስለዚህ ወንድሟን እንድታስጠና ጠየቅኋት። ሁለታችንም ምን እየሠራን እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን በዚህ ስም ሲሆን መጽሐፉን ገለጠችው።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ እነሱ ደጅ ቁጭ ብለን ቡና እየተፈላ ነው። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን እንድትደምር ሰጠኋት። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት ሰባተኛ ብላ ጻፈች። ስህተቱን አላረምኩም። «ይሄ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ያንሳል» አለች።

አባትየው ከጎን ሆነው ገመድ ይገምዳሉ። «ምንና ምኑን ነው የምትደምረው?» አሉኝ።

«ሲሶና ሩቡን» አልኳቸው።

«ኧረ ወዲያ! ሲሶና ሩብማ ከግማሽ ያልፋል» አሉ። ገመዱን አስቀመጡ። «አሥራ ሁለት ቁና ማሽላ ቢገባ ሲሶው አራት ነው። ሩቡ ሦስት ነው። ሰባት ሆነ። ግማሹ ስድስት አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ ወረቀቷን አየች። አባቷን አየች። ሰባት አሥራ ሁለተኛ። የጋራ ታሕታይ የሚባለውን እኔ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አስረድቼ ያልገባላት ነገር ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከባለመሬት ጋር አውድማ ላይ ሲካፈሉ የኖሩበት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍልፋይና መቶኛን የሚያስጠናት አባቷ ሆኑ። እኔ የማደርገው የእሳቸውን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛው ጥያቄ ማገናኘት ብቻ ነው። ሕግም አወጣን፦ ከመሥራቷ በፊት «ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» የሚለውን በአፏ ትመልሳለች። ይሄ ልማድ ብዙ ጥያቄ አዳናት። አራት ምርጫ ካለ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይወድቃሉ።

ሰዓትና ረመዳን

ፈተናው 100 ጥያቄ በ120 ደቂቃ እንደሆነ ተነግሮናል። ለአንድ ጥያቄ 72 ሰከንድ ማለት ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ሁለት ሰዓት ላስለምዳት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ትደክማለች፣ የመጨረሻዎቹን ሰላሳ በግምት ታጠቁራለች። ስለዚህ 10 ጥያቄ በ12 ደቂቃ አደረግነው። በቀን ሁለቴ። ሰዓቱን የሚይዘው ወንድሟ ነው፤ በአባቱ ስልክ፣ በጣም በጭካኔ።

ረመዳን መጋቢት 2 ገባ። እኔ አንድ ወር ጠፋ ብዬ ደንግጬ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። እናትየው ራሳቸው ሰዓቱን አዙረው አመቻቹላት። ለሱሁር ከተነሱ በኋላ፣ ከሶላት ቀጥሎ፣ እስኪነጋ ያለውን ጊዜ ለጥናት ሰጧት። ሆዷ ሞልቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ታጠናለች። ከሰዓት ምንም አልሰጣትም። የስህተት ደብተሯ ላይ «ቸኮልኩ» የሚለው በዚያ ወር ነው ጎልቶ የቀነሰው። ከጾሙ በኋላም ሰዓቱን አልቀየሩትም።

ሰኔ ላይ ከዚህ በፊት ያላየችው 60 ጥያቄ ሰጠኋት። ራሴ ያዘጋጀሁት ነው። 44 አመጣች። ከሳተቻቸው 16 ውስጥ 6ቱ የቋንቋ፣ 5ቱ የማታውቃቸው፣ 5ቱ የችኮላ ነበሩ። 44 ከ52 ያንሳል። አክስቷ «ቀነሰች እንዴ?» ብላ ቅር አላት። ለማስረዳት አንድ ስኒ ቡና ሙሉ ፈጀብኝ።

የፈተናው ቀን

ሚኒስትሪውን በጥሩ ውጤት አለፈች። የመግቢያ ፈተናው ነሐሴ ላይ ደሴ ተሰጠ። መንገዱን ስለማናምነው ከሁለት ቀን በፊት መጥታ አክስቷ ጋ አደረች። ያን ጊዜ አክስቷ ጀበናውን ከእጇ ነጠቀቻት።

መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ማጥቆርን የተለማመድነው ዘግይተን ነው። ሐምሌ ላይ። ይሄ ሊያስከፍለን ነበር። 43ኛውን ጥያቄ ዘለለችው፤ የ44ን መልስ 43 ላይ አጠቆረች፤ እንዲያ እያለች ቀጠለች። 50 ላይ ስትደርስ መስመሩ 49 ላይ ቆመ። በየአሥሩ ቆመሽ ቁጥሩን እይ ብያት ስለነበር ነው የያዘችው። 7 መስመር አጥፍታ እንደገና አጠቆረች። ላጲሱ ወረቀቱን ትንሽ ቀደደው። ስትወጣ ያለቀሰችው ለዚያ ነው እንጂ ለጥያቄዎቹ አይደለም። የመጨረሻዎቹን 6 ጥያቄዎች አልደረሰችባቸውም።

ውጤቱ

ስሟ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ 3ኛ ሆኖ ወጣ። ቤተሰቡ ሐይቅ ያለው ሁለተኛ ደረጃ አስመዘገባት። ትምህርት ከተጀመረ ሦስት ሳምንት በኋላ ሪፖርት ያላደረጉ ልጆች ስላሉ ነይ ተባለች። ስለዚህ ገባች ማለት ይቻላል። ሌሎች ሦስት ልጆች መንገድ ዘግቶባቸው ወይም ቤታቸው ከልክሏቸው ይሆናል፤ ምክንያቱን ማንም አልነገረንም።

እዚያ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ42 ተማሪ 31ኛ ወጣች። እናትየው ደወሉልኝ። «መምህር፣ ልጄ ምን ሆነች? ታማለች?» አሉ። ልጅቷም ለሳምንት ያህል እመለሳለሁ ብላ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ ስለ ብዙ ነገር አውርተናል። ሁሉም 1ኛ የነበረበት ክፍል ውስጥ 31ኛ መሆን ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን አላነሳንም። በሁለተኛው ሴሚስተር 26ኛ ወጣች። አልተመለሰችም።

ለሌላ ልጅ የምወስደው

አሁን ካርድ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ካርዱን እንዲያስቀምጥ እነግረዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ፈተና የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ጥያቄ ነው፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ። በሁለቱ መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት የቋንቋውን ጉድለት በአንድ ሰዓት ያሳየኛል። ከዚያ ልጁ በ2012 እና በ2014 ስንተኛ ክፍል እንደነበር እጠይቃለሁ። አሁን ባሉት የ8ኛ ክፍል ልጆች ቀዳዳው ዝቅ ያሉ ክፍሎች ላይ ስለሆነ ጥያቄውም ወደዚያው ይወርዳል።

የፎቶ ኮፒ ጥራዙን አልጣልኩትም። የጥያቄውን ዓይነት ለማየት ይጠቅማል። ግን አንድ ልጅ አንዱን ፈተና ሁለቴ የሚወስድ ከሆነ ምርጫዎቹ መዛባት፣ ቁጥሮቹ መቀየር አለባቸው። የወጣ ነጥብ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ጥያቄውን ከዚህ በፊት አይቶታል ወይ?» ብዬ ነው።

ልጁን ከቤቱ ማውጣት ያዋጣል ብዬ አስብ ነበር። ለዚህች ልጅ አላዋጣም። ደሴ ቤተ መጻሕፍትም መብራትም ይሻላል። እሷ ያስፈለጋት ግን እንግዳ ያልሆነችበት ቦታ ነበር። ሐይቅ መመላለሱ ለእኔ ከበደኝ፤ ለሁሉም ልጅ ማድረግ አልችልም። አሁን ከሩቅ ለሚመጡት በወር አንዴ እንዲመጡ፣ በመሃል የስህተት ደብተሩን በሚኒባስ ሾፌር እንዲልኩልኝ አድርጌያለሁ። ደብተሩ ካልመጣ ቀጣዩን ጥያቄ አልልክም።

ያልተማረ ወላጅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ሲለኝ ዝም አልልም። ምን እንደሚያርስ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ እንዴት እንደሚካፈል እጠይቃለሁ። ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ትርፍና ኪሳራን በመቶኛ ልጃቸውን እያስጠኑት ነው፤ መቶኛ እንደሚባል ግን ገና አልነገርናቸውም።

ማጥቆርን ከመጀመሪያው ወር እጀምራለሁ። ላጲስ ሁለት ይያዝ፤ ለስላሳው ዓይነት።